ከካርድ ክፍል ወደ «ሲስተም»፦ የእማዬ የስኳር ክትትል ከ5 ስንት?

ኮከቡን መጀመሪያ ልስጥና ልገላገል። ለሲስተሙ፣ ማለትም ካርዱን ለተካው የኮምፒውተር መዝገብ፣ ከ5 4። ለመብራቱ 1። ለነርሷ 5፣ ከዚያ በላይ ቢኖር እሱንም እጨምርላት ነበር።

የማወራው ደሴ ውስጥ ስላለ አንድ የስኳር ክትትል ክሊኒክ ነው። ስሙን አልጠራም። ወረድ ብዬ የማማርርባቸው ነገሮች አሉ፣ እማዬ ደግሞ በየሦስት ወሩ እዚያው ነው የምትመላለሰው። በእኔ ምላስ ፊት እንዲነሷት አልፈልግም።

እማዬ 63 ዓመቷ ነው። ስኳር ከተገኘባት 11 ዓመት ሆናት፤ ሁለተኛው ዓይነት የሚባለው ነው። ዘጠኙን ዓመት በካርድ ታከመች፣ ሁለቱን በኮምፒውተር። እኔ ልጇም፣ አጃቢዋም፣ ፌስታል ያዧም ነኝ። ፌስታሉ ውስጥ የመድኃኒት ፓኮ፣ የላብራቶሪ ወረቀት፣ ውሃና ዳቦ አለ። ዳቦው ለምን እንደገባ እነግራችኋለሁ።

የካርዱን ዘመን ያየ ሰው ዛሬ ባለው ማማረር ይከብደዋል። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ጦሳ ተራራ ጉሙን ሳያራግፍ፣ ጋቢ ደርበን ካርድ ክፍል ደጃፍ እንቆማለን። ቁጥር ይታደላል። ካርድ ይፈለጋል። «ካርድዎ አልተገኘም እማማ፣ ትንሽ ይጠብቁ።» ትንሽ ማለት ሁለት ሰዓት ነው። ካልተገኘ አዲስ ይወጣል፣ አዲስ ካርድ ማለት ደግሞ አዲስ በሽተኛ ማለት ነው፤ ሐኪሙ ባዶ ወረቀት ዘርግቶ «ስኳሩ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ከሀ ይጀምራል፣ እማዬም «ወላሂ ልጄ፣ ቆይቷል» ትላለች፣ እሱም «ቆይቷል» ብሎ ይጽፋል።

በ2014 ጥቅምት ላይ ደሴም ኮምቦልቻም በጦርነቱ ሲያዙ፣ ከዚያ እስከ ኅዳር መጨረሻ የሆነውን ለዚህ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም። ጤና ተቋማት ተዘረፉ። ስንመለስ የእማዬ ካርድ የለም። የሰባት ዓመት ታሪክ ነበር። የትኛው መድኃኒት እንዳልተስማማት፣ መቼ መጠኑ እንደተጨመረ፣ ዓይኗን መቼ እንደታየች፣ ሁሉም እማዬ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ቀረ። እማዬ ደግሞ መድኃኒት በመልክ ነው የምታውቀው፦ «ትልቋ» እና «ትንሿ»።

አሁን ዳቦው። በካርዱ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ላብራቶሪው የጾም ስኳር ስለሚፈልግ ከማታ ጀምሮ አልበላችም። ትንሿን ክኒን ግን፣ ግሊቤንክላማይድን፣ እንደ ልማዷ ጠዋት ዋጥ አድርጋታለች። ይህች ክኒን ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ ብላ ነው የምታስገድደው፤ ምግብ ይኑር አይኑር ጉዳይዋ አይደለም። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉ መሀል ላብ አጠመቃት። እጇ ተንቀጠቀጠ። እኔን በወንድሜ ስም ጠራችኝ። ሲለካ 54። ከ70 በታች የሆነ ሁሉ ዝቅታ ነው፣ 54 ደግሞ ቀልድ የለውም። ከፊታችን የቆሙ አንድ አባት ከኪሳቸው ከረሜላ አወጡ፣ ነርሷ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማ ለካች። አልሐምዱሊላህ፣ ተመለሰች። ይህ ነገር ካርዱ ላይ ተጽፏል? ተጽፏል። ቀጥሎ ያየን ሐኪም አንብቦታል? አላነበበውም። ያን የእጅ ጽሑፍ የጻፈው ሰውዬ ራሱ የሚያነበው አይመስለኝም።

ከዚያ ሲስተሙ መጣ። የመጀመሪያው ቀን ምዝገባ ከ40 ደቂቃ በላይ ፈጀ። ነርሷ በሁለት ጣት ነው የምትጽፈው፣ ከኋላችን ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል፣ እሷ እቴ! ምንም አይመስላት። ምን ምን መድኃኒት፣ ስንት ሚሊግራም፣ በቀን ስንቴ፣ ዝቅታ ገጥሟት ያውቃል ወይ፣ እግር ያደነዝዛታል ወይ። የፌስታሉን ፓኮ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩላት። ያን የ54 ታሪክም ነገርኳት፣ ጻፈችው። መጨረሻ ላይ ቁጥር ያላት ትንሽ ካርድ ሰጠችንና «ይቺን እንዳትጥላት» አለችኝ።

ለምን እንዳለችኝ የገባኝ በሁለተኛው ቀጠሮ ነው። ቁጥሯን ቤት ረስተናት ሄድን። በስም ተፈለገች፣ የለችም። የእማዬ ስም በሐመሩ ሐ ይጻፍ በሃሌታው ሀ እስከዛሬ ማንም ተጨንቆበት አያውቅም። ኮምፒውተሩ ተጨነቀበት። በአንዱ ሲፈለግ ባዶ፣ በሌላው ሲፈለግ ደግሞ ስማቸው እስከ አባት የሚገጥም ሦስት ሴቶች መጡ፤ ወሎ ውስጥ የአባቷ ስም ሰዒድ ወይ አሕመድ የሆነ ሴት ፈልጎ ማጣት ነው የሚከብደው። ነርሷ አንዷን ከፈተችና ቆመች። «እማማ፣ 84 ኪሎ ነበሩ እንዴ?» እማዬ 58 ናት። ያን ቀን ነርሷ ቸኩላ ቢሆን ኖሮ የሌላ ሰው መድኃኒት ይዘን ቤት እንገባ ነበር። ሲስተሙን የሠራችሁት ልጆች ይህን ካነበባችሁ፣ ሐ፣ ሀ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን እንደ አንድ አድርጎ የሚፈልግ ነገር ጨምሩበት፣ ምርቃት ከእማዬ አለላችሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አራት ኮከብ የሰጠሁበት ምክንያት ሰልፉ ማጠሩ አይደለም፣ እንደውም ብዙም አላጠረም። በካርዱ ጊዜ የሚታየው የዚያን ጠዋት ቁጥር ብቻ ነበር። 130 ከሆነ «ጎበዝ»፣ 220 ከሆነ ቁጣ። እማዬ ይህን ካወቀች ቆየች። ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ሻይ ያለ ስኳር፣ እንጀራ በቁራሽ፣ ጎረቤት ቡና ላይ አቦልን ብቻ ቀምሶ መነሣት። ፈተናውን ታልፋለች። በማግስቱ ሻዩ ወደ ሦስት ማንኪያው ይመለሳል። አዲሱ ሲስተም ግን የሦስት ወሩ ምርመራ ጊዜው ሲደርስ በቢጫ ያስታውሳል። ኤ ዋን ሲ የሚሉት ነው፤ ቀይ የደም ሴል ላይ የተለጠፈውን ስኳር ስለሚለካ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ያጋልጣል። የሦስት ቀን ጨዋነት አይሸውደውም። የእማዬ 9.6 በመቶ መጣ፣ ከፍ ያለ ነው። ሐኪሙ «በጾም 128 የሆኑት እማማ ናቸው 9.6 ያመጡት?» ብሎ ሳቀ፣ እማዬ መሬት መሬት አየች።

ትልቁ ግን የኩላሊቷ ነገር ነው። ክሬቲኒን የሚባለውን፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረውን ቆሻሻ፣ ለየብቻው ብታዩት አያስደነግጥም። አንዴ 0.8። በሌላ ጊዜ 1.1። ሁለቱንም ጊዜ «ደህና ነው» ተባልን፣ በዚያ ቀን ወረቀት ደህና ነበርና። በሦስተኛው 1.5 ሆነ። ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ ሦስቱን በመስመር አገናኝቶ ሲያያቸው ፊቱ ተለወጠ። ሲስተሙ ዕድሜዋንና ጾታዋን ጨምሮ የኩላሊቷን የማጣራት አቅም ራሱ አስልቶ 39 ብሎ አስቀምጦታል። ከ45 በታች ሲሆን የሜትፎርሚን፣ የ«ትልቋ» ክኒን፣ መጠን መቀነስ አለበት፣ ከ30 በታች ከወረደ ጭራሽ መቆም። ለማረጋገጥ ምርመራው ከሳምንታት በኋላ ተደገመ፣ ያው ነው።

ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰና ያን የ54 ታሪክ አገኘው። ግሊቤንክላማይድ ኩላሊት ሲደክም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ እየተጠራቀመ ስኳርን ይጥላል። «ስንት ጊዜ ነው የጣለዎት?» አላት። እማዬ ያኔ ነው የተናገረችው፤ ለካ ቤትም ሁለት ጊዜ ጥሏት ለእኔ አልነገረችኝም፣ እንዳልጨነቅ ብላ። ትንሿ ክኒን ቆመች። ሜትፎርሚን ከ2,000 ወደ 1,000 ሚሊግራም ወረደ። ማታ ማታ 10 ዩኒት ኢንሱሊን ተጀመረ። እማዬ መርፌ ስትሰማ «ይሄማ የመጨረሻዬ ነው» ብላ ሁለት ቀን አለቀሰች፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ራሷ ወጋች። አብሽሪ ስንላት የነበርነው ሰዎች አሁን መርፌውን ለማየት የምንፈራው እኛ ነን።

እዚህ ጋ ሐቁን ልናገር። ይህን ሁሉ ኮምፒውተሩ አልሠራውም፣ የሠራው ሐኪሙ ነው። ግን ያው ሐኪም በካርዱ ጊዜም ነበር። ያኔ ቢሆን ሦስቱ ቁጥሮች በሦስት የተለያዩ ወረቀቶች ላይ ይሆኑ ነበር፣ አንደኛው ወረቀት ጠፍቶ፣ አንደኛው በላብራቶሪ ስቴፕል ተጣብቆ።

አንድ ቀጠሮ ላይ ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እማዬ አዞረው። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። «ይሄ መስመር የእርስዎ ስኳር ነው» አላት። 9.6፣ 8.4፣ 7.7። መስመሩ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። እማዬ ትንሽ አየችውና «እንዴ፣ ይሄማ ሀረጎ ነው!» አለች። ከደሴ ኮምቦልቻ በሀረጎ ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ይገባዋል። ሐኪሙ ከሌላ አገር የመጣ ስለሆነ አልገባውም፣ እኔ አስረዳሁት። «እና ኮምቦልቻ የት ጋ ነው?» አለችው፣ መድረሻዋን መጠየቋ ነው። ለእሷ ዕድሜና ኩላሊት ከ8 በታች ይበቃል፣ 7 ካልገባሁ ብሎ መታገል ዝቅታ ያመጣል አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀጠሮው «ኮምቦልቻ ደረስኩ?» ትላለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ስኳሯ ሲነገራት ቆይቶ፣ ስኳሯን ያየችው ገና አሁን ነው።

እግርን በተመለከተ አጭር ነገር። ሲስተሙ «እግር አልታየም» ብሎ ካስታወሰ ነርሷ ያን ገጽ ሳትሞላ አታልፍም፣ ስለዚህ ጫማና ካልሲ ይወልቃል። እማዬ በብርድ ወራት እግሯን ከሰል ምድጃ ላይ ታሞቃለች፣ እንደ ማንኛውም የደሴ እናት። ስኳር ነርቭን ሲያደነዝዝ ሙቀቱ አይሰማም። ውስጥ እግሯ ላይ የብር ሳንቲም የሚያህል ቃጠሎ ተገኘ። አታውቀውም! እኔም አላውቅም። በጊዜ ስለተያዘ ዳነ። ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ዛሬ ማታ ካልሲውን አስወልቃችሁ እዩለት፣ ምድጃውንም አርቁ።

ነገሩ የእኛ አጋጣሚ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ አሜሪካ ክሊቭላንድ አካባቢ በ46 ክሊኒኮች ከ27,000 በላይ የስኳር ሕሙማንን ያየ ጥናት በ2011 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወጥቶ ነበር። የሦስት ወሩ ምርመራ፣ የኩላሊት ክትትል፣ የዓይን ምርመራና የሳንባ ምች ክትባት፣ እነዚህን አራቱንም ያገኙት በኮምፒውተር መዝገብ ከሚሠሩ ክሊኒኮች ሕሙማን ከመቶ 51 ያህሉ ናቸው፣ በወረቀት ከሚሠሩት ክሊኒኮች ሕሙማን ደግሞ ከመቶ 7 ገደማ። ኮምፒውተር የገዛ ክሊኒክ ሌላም ሌላም ነገር የተሻለ ሊሆን ስለሚችል ልዩነቱን ሁሉ ለማሽኑ አልሰጥም። የእማዬን እግር ካየሁ በኋላ ግን ቁጥሩ አላስገረመኝም።

አሁን የምቆርጠው ኮከብ ወዴት እንደሚሄድ ልናገር።

ቀጠሮ። ሚያዝያ ላይ የተሰጠን ወረቀት 08/07 ይላል። ሰባተኛው ወር መጋቢት ነው፣ መጋቢት 8 ደግሞ ካለፈ ቆየ። እማዬ «ላለፈ ቀን ነው የቀጠሩኝ፣ በቃ አትምጪ ማለታቸው ነው» ብላ ተቀየመች። ለካ በፈረንጁ ነው፣ ሐምሌ 1 ማለቱ ነው። ነርሷ አሁን እያንዳንዱን ወረቀት በእስኪርቢቶ ታስተካክላለች። በቀን ስንት ሰው! አሥራ ሦስት ወር ላለው አገር የሚሸጥ ሲስተም የአገሩን አቆጣጠር አለማወቁ ያሳፍራል።

መብራት። «ሲስተም የለም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ባንክ ቤት የለመድናት ናት፣ እዚህም ተከትላን መጣች። ሐምሌ ላይ በዝናቡ መብራት ሄደ፣ እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቅን። መጨረሻ ላይ ነርሷ የተማሪ ደብተር አውጥታ በእጇ ጻፈች። በኋላ አስገባዋለሁ አለች። አልገባም፤ የዚያ ቀን የደም ግፊቷ ቦታ እስካሁን ባዶ ነው። አልፈርድባትም፣ ያን ቀን ደብተሩ ላይ ስንት ሰው እንደነበር አይቻለሁ። ባትሪ ግን መግዛት ያቅታል?

ምስጢር። ስክሪኑ ወደ በሩ ዞሮ ነው የተቀመጠው፣ ቀጣዩ ተረኛ የፊተኛውን ስምና ቁጥር ቁጭ ብሎ ያነባል። የይለፍ ቃሏ ደግሞ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ተለጥፋለች፣ እኔም በቃሌ ይዣታለሁ። አሁን እኮ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ የጤና መረጃም ልዩ ጥንቃቄ ከሚፈልገው ውስጥ ነው። ይህን ለማስተካከል አዋጅም አያስፈልግም፣ ጠረጴዛውን ማዞርና ያቺን ወረቀት መቅደድ ነው።

ረመዳን። ጥር ላይ ሐኪሙ እንዳትጾም መከራት፣ ኢንሱሊን ላይ ናት፣ ኩላሊቷም እንደዚያ ነው። «ጾሜንማ አልተውም» አለች። ተከራከሩ፣ ተደራደሩ። በቀን ደጋግማ ጣቷን ወግታ ልትለካ፣ ከ70 በታች ከሆነ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ወዲያው ልታፈጥር ተስማሙ። ሸኹን ጠይቃ፣ ለመለካት መወጋቱ ጾሙን እንደማያበላሽ ነግረዋት ነው እሺ ያለችው። የኢንሱሊኑም ሰዓት ወደ ማፍጠሪያው ተዛወረ። ሲስተሙ ላይ ግን «ጠዋት» እና «ማታ» እንጂ ሱሁርና ማፍጠሪያ የሚል ቦታ የለም። ማስታወሻ የሚጻፍባት ሳጥን ውስጥ ገባ። ሚያዝያ ላይ ያገኘነው ሌላ ሐኪም ያቺን ሳጥን ሳይከፍት «ለምን በራስዎ ሰዓት ቀየሩ?» ብሎ ተቆጣት። ወሎ ውስጥ ለሚሠራ የስኳር ክሊኒክ ይህ የመጀመሪያው ገጽ ላይ መኖር አለበት። የአብይ ጾምም እንዲሁ፣ ጎረቤታችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው ነው መድኃኒት የሚወስዱት።

ፋርማሲውን ዝም ብዬ አልፈዋለሁ። ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ ያዛል፣ መስኮቱ ላይ «የለም» ይባላል፣ የጤና መድህን ደብተር የያዘ ሰው ከውጭ በኪሱ ይገዛል። ኮምፒውተር ኢንሱሊን አያመርትም።

ሌላው ደግሞ የሦስት ወሩ ምርመራ እዚያው ሁሌ ስለማይሠራ ፒያሳ ካለ የግል ላብራቶሪ እናሠራለን። የእነሱም በኮምፒውተር ነው፣ የእነዚህም በኮምፒውተር ነው፣ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። መሀላቸው ያለው ኔትወርክ እኔ ነኝ። ወረቀቱን ተሸክሜ እመጣለሁ፣ ነርሷ በሁለት ጣት ትገለብጠዋለች። አንዴ 8.4ን 4.8 ብላ ጻፈች፤ እማዬ ኮምቦልቻን አልፋ አፋር ገባች ብዬ ቀልጄ ነው ያስተካከልነው።

ቀጣዩ ቀጠሮ ጥቅምት ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ አሁን በቢጫ የቀረው ዓይኗ ነው፣ በዓመት አንዴ መታየት አለበት፣ ዘንድሮ አልታየችም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ልወስዳት አስቤያለሁ። ውጤቱ ወደ ሲስተሙ የሚመለሰው እንደተለመደው በፌስታል ነው፣ ከዳቦው ጎን።